የዳኛው እንባ

አናጺው እሑድ እሑድ ወደ ዳኛው ቤት ከመሄዱ በፊት ራሱን ይፍቃል። መታጠብ አይባልም፣ መፋቅ ነው። ጥፍሩ ሥር የገባውን ቫርኒሽ በብሩሽ፣ ጸጉሩ ውስጥ የተሸሸገውን የእንጨት ብናኝ በሳሙና ደጋግሞ ያስለቅቃል፤ ከዚያ ከሥራ ቦታው ርቆ የተሰቀለውን ንጹህ ሸሚዝ ይለብሳል። ይህ ሁሉ ለፍቅር ነው እንዳትሉ። ለፍቅር ብቻ ቢሆን ፊቱን ታጥቦ በመጣ ነበር። ለሳንባ ነው፤ ለሚወዳት ልጅ አባት ሳንባ።

ዳኛው ከችሎት ወንበር በጡረታ ከወረዱ ቆይተዋል። ሳንባቸው ግን ቀድሟቸው ነው ጡረታ የወጣው። ደረጃ ሲወጡ ያፍናቸዋል፣ ቅዝቃዜ ሲነካቸው ያፍናቸዋል፤ ኪሳቸው ውስጥ ኢንሄለር አይጠፋም፤ ሲጨንቃቸው ወደ አፋቸው አስጠግተው ይስቡትና ደረታቸው ከፈት ይላል። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፣ አይለቅም፣ ግን አመሉን ካወቁለት ያኗኑራል ይላሉ።

አንድ ልጅ አለቻቸው። በልጅነቷ “ለምን?” ከአፏ አልጠፋ ስላለ መርማሪ የሚል ስም አወጡላት፤ አድጋ የሳይንስ አስተማሪ ሆናም ስሙ አልለቀቃት። ከአናጺው ጋር ያገናኛትም ይኸው አመሏ ነው። የትምህርት ቤቱን የላቦራቶሪ ወንበሮች ሊጠግን መጥቶ ሳለ፣ “እንጨት ማታ ማታ ለምንድነው የሚንቋቋው?” ብላ ጠየቀችው። እሱም መዶሻውን አስቀምጦ፣ ቁጭ ብሎ፣ እንጨት ቀን ሙቀት እንዴት እንደሚለጥጠውና ማታ ብርድ እንዴት እንደሚሰበስበው አስረዳት። ቆንጆ ነሽ ያላት ወንድ ብዙ ነው፤ ጥያቄዋን ቁጭ ብሎ የመለሰላት ግን እሱ የመጀመሪያው ነበር። ልቧ በዚያው ሄደ።

ዳኛው ነገሩን ሲሰሙ አልከለከሉም፣ አልፈቀዱምም። “ይምጣና ልየው” ነው ያሉት። ሲመጣም “እርስዎ” አሉት፤ ልጃቸው ሊሆን የሚችለውን ሰው። “እርስዎ” አንዳንዴ አክብሮት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ አጥር ነው፤ የዳኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ብዙ ብልህነት አይጠይቅም። ቢሆንም አጥር ይዘለላል፣ አናጺውም ትዕግሥት ነበረው። ሊዘለል ያልቻለው ሌላ ነገር ነው። በመጣ ቁጥር ዳኛው ይታፈናሉ።

በዚያን እሑድም መርማሪ የሻይ ሰሃኑን ይዛ ከወጥ ቤት ስትመለስ ሳሎኑ ውስጥ ወሬ ደርቶ አገኘችው። አባቷ አናጺውን መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን ፊቱ ላይ በሚያርፍበት ቦታ አስቀምጠውት፣ አንገታቸውን ወደፊት ቀልሰው እንደ ምስክር እያዩት ነበር።

“በሙያዎ የሠሩት ትልቁ ስህተት ምንድነው?” አሉት።

“አንድ ሰው የልብስ ቁም ሣጥን አዘዘኝና አሳምሬ ሠራሁለት። ከዚያ በበሩ አልገባ አለ።”

“ታዲያ ምን አደረጉ?”

“በሩንም እኔ ሠራሁለት።”

ዳኛው ሳቁ። መርማሪ አባቷ በዚህ ሰው ፊት ሲስቁ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሰሃኑ እጇ ላይ ቀለላት። ግን ሳቁ ሳያልቅ ወደ ሲርሲርታ ተለወጠ። ደረታቸው እንደ አሮጌ ማጠፊያ ይጮህ ጀመር። ኢንሄለሩን አውጥተው ሳቡ፣ ቆይተው ደገሙ። ሌላ ቀን ደረታቸውን የሚከፍተው መድኃኒት ዛሬም እንደ ባለፉት እሑዶች ምንም አልፈየደም። ጎንበስ አሉ፤ ክርናቸውን የሚያሳርፉበት ፍለጋ ጠረጴዛውን ዳበሱ።

ቤቱን እንደ ጦር ሰፈር የሚመሩት የዳኛው ታናሽ እህት፣ አክስት፣ ከጓዳ ወጥተው መስኮቶቹን በረገዱ። “አላልኳችሁም?” አሉ። “ቀለም ነው። የቀለም ሽታ በሳሙና አይለቅም።”

ዳኛው ትንፋሻቸው መለስ ሲል ቀና አሉ። “እርስዎ ጥፋት የለብዎትም” አሉት በቀጭን ድምፅ። “ግን በመጡ ቁጥር እታፈናለሁ፤ ሳይመጡ ሲቀሩ ደህና ነኝ። እኔ ዕድሜዬን የኖርኩት በማስረጃ ነው። ሳንባዬ ፈርዷል፤ ይግባኝ የምልበት ቦታ የለኝም።”

አናጺው ተነሣ። አልተከራከረም። የዳኛውን ፊት ትንሽ ቆም ብሎ አየና “እግዜር ይማርዎ” ብሎ ወጣ። መርማሪ እስከ ደጅ ተከተለችው። እዚያም አንዴ ዞሮ አያት። ተናዶ ቢሆን ይገባት ነበር፤ አፍሮ ቢሆንም ይገባት ነበር። ያቺ እይታ ግን የሐዘኔታ ነበረች፣ ያውም ለእሷ አባት። ለምን እንደሆነ ማወቅ አለመቻሏ ከመለየቱ በላይ አንገበገባት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታው ሄደች። መሰንጠቂያው ቆሟል። መሣሪያዎቹ በየመጠናቸው ተጠቅልለው በር ላይ ተደርድረዋል። መሀል ወለሉ ላይ አንድ ያልተቀባ ወንበር ብቻውን ቆሟል፤ ክንዶቹ ከፍ፣ ሰፋ ያሉ ናቸው።

“ቅዳሜ እሄዳለሁ” አላት ሳያያት። “ሩቅ ነው። አዲስ ሆቴል እየተሠራ ነው፤ አልጋውንም ቁም ሣጥኑንም እኔ ነኝ የምሠራው። ዓመት ይፈጃል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።”

“በአባዬ ንግግር ተቀይመህ ነው።”

“በንግግራቸው አይደለም።” እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ንጹህ የነበረውን እጁን። “ሲያለቅሱ አየኋቸው።”

“ማን?”

“አባትሽ። ገና ስገባ፣ አንቺ ወጥ ቤት ሳለሽ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። በመሐረብ ጠረግ አደረጉና ‘ይቀመጡ’ አሉኝ። ከዚያ በፊትም እንደዚሁ ነበር፣ ያኔ ጉንፋን መስሎኝ ነበር። አንቺን ማጣት ነው የሚያስለቅሳቸው፤ ልባቸው ሲከፋ ደረታቸው ይዘጋል። እኔ አባቴን የማውቀው በፎቶግራፍ ነው። የሰው አባት አስለቅሼ ትዳር አልይዝም። እወድሻለሁ፤ ስለምወድሽ ነው የምሄደው።”

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ታለቅስ ነበር። መርማሪን ግን አንድ ነገር ሸነቆጣት።

“አባዬ አያለቅስም” አለች። “እናቴ የሞተች ዕለት ሰው ሁሉ ሲላቀስ እሱ የለቀስተኛውን ወንበር ሲያስተካክል ነው የዋለው። ሁለቱም ዓይኑ ነው ያለቀሰው?”

“ምን?”

“ሁለቱም ነው ወይስ አንዱ? ደግሞ ከመታፈኑ በፊት ነው በኋላ?”

አናጺው ጨርቁን ወረወረው። “እኔ ስለ ልቤ አወራሻለሁ፣ አንቺ ስለ የትኛው ዓይን ትጠይቂኛለሽ? ልለይሽ ነው እያልኩሽ እኮ ነው።”

“ሰምቻለሁ። መልስልኝ።”

“ሁለቱም” አለ፣ በንዴትና በመሸነፍ መሀል ሆኖ። “ከመታፈናቸው በፊት። አንዱ ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ወርዶ ኮሌታቸውን አርሶታል። እንደሚያዝን ሰው ግን ፊታቸው አልተኮማተረም። አሁን ስታነሺው ገረመኝ።”

“እኔንም ገረመኝ” አለች። ክንዱን ያዘችው። “እስከ ቅዳሜ ጠብቀኝ። ከዚያ በኋላ መሄድ ካለብህ እኔው ራሴ እሸኝሃለሁ።” ወደ ቤቷ ስትገሰግስ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም፤ የሚያበራት ተስፋ ይሁን ፍርሃት ራሷም አልለየችውም።

አክስትን ጓዳ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ ሲተክሉ አገኘቻቸው።

“አክስቴ፣ እሑድ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት አባዬ ምን ያደርጋል?”

“ምን ያደርጋል? ይላጫል። ክራቫቱን ያስራል፣ ይፈታል፣ እንደገና ያስራል። ከዚያ ጠብታውን አደርግለታለሁ።”

“የምን ጠብታ?”

“የዓይኑን ነዋ። አንቺ ፈተና ላይ ሳለሽ ዓይን ሐኪም ቤት ይዤው ሄጄ አልነበር? ዓይኑ ውስጥ ግፊት አለ ብለው ሰጡት። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እኔ ነኝ የማደርግለት።” የክር ቆርቆሯቸውን ከፍተው ትንሽዬ ብልቃጥ አወጡ። “ሐኪሙ ጠዋትና ማታ ብሎት ነበር። ወንድሜ ግን ‘የሚታይ ነገር ሲኖር ብቻ’ አለኝ። እኔም ደህና አድርጎ እንዲያይለት አንድ ሲለኝ ሦስት አደርግለታለሁ። ለዓይን አይሰሰትም።”

መርማሪ ብልቃጧን ይዛ ወጣች። በመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት የዳኛውን ኢንሄለር ሁልጊዜ የምትሸጥላቸው ናትና ብልቃጧን አገላብጣ ስታነብ ፊቷ ተለወጠ።

“ይሄ የአባትሽ ነው? ያዘዘው ሐኪም ሳንባቸውን እንደሚታመሙ ያውቃል?”

“እንጃ። የዓይን ሐኪም ነው።”

“የሳንባ ሐኪማቸውስ ጠብታ እንዳላቸው ያውቃል?”

“አልመሰለኝም” አለች መርማሪ። ዕድሜዋን ስትጠይቅ ኖራ ይህን አንድ ጥያቄ ግን አልጠየቀችም።

“እስቲ ልጠይቅሽ” አለች ፋርማሲስቷ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብላ። “ሰው ሲያለቅስ አፍንጫው ለምን ይፈሳል?”

“ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚወርድ ቀጭን ቧንቧ ስላለ...” ብላ ጀመረችና አቆመች።

“አየሽ። ጠብታውም በዚያው ይወርዳል፣ ከዚያ ደም ውስጥ ይገባል። ይሄኛው የዓይንን ግፊት ይቀንሳል፣ ለብዙ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው። የአባትሽ ዓይነት ሳንባ ላለው ግን የአየር ቧንቧውን ሊያጠብበት ይችላል። ይባስ ብሎ ኢንሄለሩ የሚከፍተውን በር ከውስጥ ይዞ ይቆማል። ያኔ ቢስቡት ቢስቡት እምቢ ይላቸዋል።”

“ልጣለው?”

“በራስሽ ፍርድ አትጣይው፤ የዓይን ግፊት ዝም ከተባለ ዓይን ያጠፋል። ሐኪሙን እንጠይቅ።” እዚያው ሆና ደወለች። ሐኪሙ ስለ ሳንባው ሲሰማ፣ ይህን ጠብታ እንዳይደግሙ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚያያቸውና ሌላ ዓይነት እንደሚያዝላቸው ነገራት። ፋርማሲስቷ ስልኩን ዘግታ ራሷን ነቀነቀች። “ሰው መድኃኒት ሲባል የሚዋጠውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ጠብታው፣ ቅባቱ፣ የሳል ሽሮፑ፣ ከጎረቤት የተለቀመው የራስ ምታት ክኒን፣ የሚቀቀለው ሥራሥር፣ ሁሉም ገላ ውስጥ ገብቶ ይተዋወቃል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር።”

መርማሪ ወደ ቤት ስትገባ ዳኛው ጋዜጣ ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል። ብልቃጧን ፊታቸው አስቀመጠችና የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። በመሀል አላቋረጧትም፤ የችሎት ልማዳቸው ነው።

“ጠብታ ደግሞ መድኃኒት ነው እንዴ?” አሉ ስትጨርስ።

“የሳንባ ሐኪሙ የምትወስደውን ሲጠይቅህ ምን አልከው?”

“የምውጠውን ነገርኩት፣ የምስበውንም ነገርኩት። ስለ ዓይኔ አልጠየቀኝም። ምስክር ያልተጠየቀውን አይመልስም።”

“አባዬ፣ በዚህ ምስክርነትህ አንድ ሰው ተፈርዶበት ቅዳሜ አገር ለቆ ሊሄድ ነው። ሽታው ነው አላችሁት፣ ሰውየው ቆዳው እስኪላጥ ታጠበ። አሁን ደግሞ ከዓይንህ የሚተርፈውን ጠብታ አይቶ፣ አንተ በእኔ ምክንያት የምታለቅስ መስሎት ነው የሚሄደው። ቆይ፣ ሐኪሙ ጠዋትና ማታ ካለህ ለምን እሱ ሲመጣ ብቻ?”

ዳኛው ጋዜጣውን አጠፉት፣ ደግመው አጠፉት።

“እናትሽ ብትኖር አንዴ አይታው ይበቃት ነበር” አሉ። “እኔ ሰው የማውቀው አተኩሬ ሳየው ነው። አሁን ደግሞ ጭጋግ ነው የማየው። ልጄን የሚወስዳትን ሰው ፊት በጭጋግ ልየው? ጠብታው የሚያጠራልኝ መስሎኝ ነው።”

“አየኸው ታዲያ?”

“አየሁት። ባየው ባየው ጥፋት አጣሁበት።” ጋዜጣውን ወደ ጎን አስቀመጡ። “እውነቱን ልንገርሽ፣ መርማሪ? ስታፈን ደስ ብሎኝ ነበር። ‘አይሆንም’ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። እሺ ካልኩ ደግሞ ይሄ ቤት የእኔና የአክስትሽ ሊሆን ነው። ሳንባዬ ‘አይሆንም’ ሲልልኝ እኔ ዝም አልኩ። ፈሪ ዳኛ እንዲህ ነው፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።”

መርማሪ ልትቆጣቸው አስባ ነበር የመጣችው። አንገታቸውን አቅፋ፣ ክራቫት በማያስሩበት በዚያ በተራ ቀን፣ ምን ያህል እንደቀጠኑ ገና አሁን ገባት። የምትወደውን ሰው ፈልጋ የምትወደውን ሌላ ሰው አገኘች።

ቅዳሜ ጠዋት የዓይን ሐኪሙ ጠብታውን ለወጠው። ማታ ሲተኙ፣ በየዓይኑ አንድ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ አጠገቡ ያለውን የአፍንጫ ጥግ በጣት ጫን ማለት። መርማሪ አዲሷን ብልቃጥ ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ታክሲው ወደ ቤት ሲታጠፍ ዳኛው የሾፌሩን ትከሻ ነካ አደረጉ።

“ወደዚያ አይደለም። ችሎት አንዳንዴ ቦታው ድረስ ሄዶ ያያል።”

የሥራ ቦታው በር ላይ የጭነት መኪና ቆሟል፤ አናጺው ከነሽርጡ፣ ብናኝ በብናኝ ሆኖ፣ የመጨረሻውን ሳንቃ ይጭናል። ዳኛውን ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸ።

“አባባ፣ አይምጡ እባክዎ። ዛሬ አልታጠብኩም።”

“አልገባም” አሉ ዳኛው። “ብናኝ ለሳንባዬ እንደማይስማማ እኔም አውቃለሁ፤ በዚያ ነጻ ነህ አላልኩም። ሽርጥህን አውልቅና ና ወዲህ፣ ነፋስ ላይ ቅረበኝ። ላይህ ነው የመጣሁት።”

አናጺው ቆመ። “ና” ነው ያሉት። ሽርጡን አወለቀ፣ ራሱን አራገፈ፣ ከዚያ ትዝ እንዳለው ሁሉ ዘወር ብሎ ያን ያልተቀባ ወንበር ከመኪናው አወረደና በጨርቅ ወልውሎ ከዛፉ ጥላ ሥር አስቀመጠላቸው። ዳኛው ተቀመጡ። ሰፋፊዎቹ ክንዶች ላይ ክርናቸው እንደታዘዘ አረፈ። አናጺው አጠገባቸው ተንበረከከ፣ ከመቼውም ይልቅ ቀርቦ።

ሦስቱም የዳኛውን ደረት ያዳምጣሉ። መርማሪ ኢንሄለሩን በእጇ ይዛ ቆማለች፤ ይህች ሰዓት ከከዳቻት ማስረጃውም ፍቅሩም አብሮ ሊሄድ ነው። ትንፋሻቸው ወጣ፣ ገባ። አጭር ነው እንደወትሮው፣ ግን አላፏጨም። የመኪናው ሾፌር ጥሩንባ ነፋ፣ ማንም ዞሮ አላየውም። አሁንም ወጣ፣ ገባ።

“ይሄን ለማን ሠራኸው?” አሉ ዳኛው በመጨረሻ፣ የወንበሩን ክንድ እየዳበሱ።

“ለእርስዎ።”

“መቼ?”

“መጀመሪያ የታፈኑ ጊዜ ማግስት ጀመርኩት። ሲያፍንዎ ጎንበስ ብለው ክርንዎን የሚያሳርፉበት ሲያጡ አየሁ። ቫርኒሽ አልነካውም፣ በእጅ ብቻ ነው ያለሰለስኩት። ሆኖም ለመስጠት አፈርኩ።”

ያን ሁሉ እሑድ እሳቸው የእሱን ፊት ሲመረምሩ እሱ የእሳቸውን ክርን ሲያይ ኖሯል። እጃቸውን አንሥተው የአናጺውን ብናኝ የለበሰ ራስ ነኩት፣ እዚያም አቆዩት።

“ልጄ” አሉ፣ “ዕቃህን አውርድ።”

አናጺው ቀና ብሎ አያቸው፣ ከዚያ ደንግጦ ወደ መርማሪ ዞረ። የዳኛው ሁለቱም ዓይን ሞልቷል፤ አንዱ ጠብታ ጉንጫቸውን ይዞ ወርዶ ኮሌታቸው ላይ አርፏል።

“ጠብታው ነው” አሉ ዳኛው፣ መሐረባቸውን እያወጡ። “ሐኪሙ አሁን የሰጠኝ።”

መርማሪ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አዲሷ ብልቃጥ ከነማሸጊያዋ እዚያው አለች፣ ገና አልተከፈተችም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ለምን ብላ አልጠየቀችም።

“አዎ” አለች፣ የራሷንም ጉንጭ በመዳፏ እየጠረገች። “ጠብታው ነው።”